ጋሼ ታፈረ የቁም ተስካራቸውን ሊያወጡ ነው

አንዴ ጸጥታ! እዚያ ጥግ ያላችሁ፣ ብርሌውን አስቀምጡና ጆሮ ስጡኝ። ወጣቱ ሥራ አስኪያጃችን ምናለ ጠዋት ጠርቶኝ፣ «የትናየት፣ ከጋሼ ታፈረ ጋር ከሁላችንም በላይ የሠራሽው አንቺ ነሽ፤ ዛሬ በጡረታ መሸኛቸው ላይ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ተናገሪ» ብሎኛል። እሺ ብዬዋለሁ። ጥሩ ጥሩው ግን ቶሎ ስለሚያልቅብኝ ከሌላው ልጀምር።

ጋሼ ታፈረ ወደዚህ ወደ ቁጠባና ብድር ማህበራችን በ1991 ዓ.ም. ከኮን ከተማ ሲመጡ እኔ የሃያ ዓመት ተላላኪ ነበርኩ። ቢሮው ውስጥ ዘጠኝ ነን። አዲስ ሰው መጣ ብለን፣ ወግ ነው ብለን፣ አራት አራት ብር አዋጥተን ጥብስ ጋበዝናቸው። በሉ። ደግሞ አበላላቸው! ትሪው ላይ የቀረችውን ቁራሽ ሳይቀር ጠርገው በሉ። እጃቸውን ታጠቡ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ይህ ሁሉ በጠቅላላው ስንት ፈጀ?» «ሠላሳ ስድስት ብር።» «ሠላሳ ስድስት ብር! በአንድ ቀን! ይህን በየወሩ ብታስቀምጡት በዓመቱ አንድ ጥጃ ይገዛ ነበር እኮ!» አሉን። ሰዎች፣ ከመብላታቸው በፊት እኮ ሊያሰሉት ይችሉ ነበር! እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላሉንም። እኔ ያን ቀን ጠላኋቸው፤ ለመታረቅም አልቸኮልኩም።

እስክሪብቷቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በክር ከሸሚዛቸው ቁልፍ ጋር ታስሮ ነው የሚኖረው። ሊያውሱህ ከፈለጉ አብረው ይመጣሉ። አንተ ስትፈርም እርሳቸው ደረታቸውን አስጠግተው አጎንብሰው ይጠብቁሃል። ባጃጅ ተሳፍረው ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ? ማንም የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ይህን ዳገት በእግራቸው ወጡት፣ በእግራቸው ወረዱት። ጫማቸው ሲያልቅ ሶሉን ያስቀይራሉ፣ ሶሉ ሲያልቅ ቆዳውን ያስቀይራሉ፣ ከዚያ «ይሄ ጫማ አሥር ዓመቱ ነው» ይሉናል። አይ ጋሼ፣ የትኛው ጫማ?

ብድር ልትጠይቃቸው የገባህ ቀን ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። መታወቂያህን ከማየታቸው በፊት ሦስት ጥያቄ አለቻቸው። «በምን ትከፍላለህ?» አንድ። «ያ ያልከው ባይሳካስ በምን ትከፍላለህ?» ሁለት። ሦስተኛዋ፣ ያቺ የፈረደባት፣ «ሚስትህ ታውቃለች?» ናት። በሦስተኛዋ ስንቱ ጎበዝ ወንበሩን ገፍቶ፣ «ቆይ፣ ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብሎ ጠፍቷል! ከገና በፊት ሳሎኑን በጣውላ ከፍሎ ለበዓሉ ተሳላሚ አልጋ ሊያከራይ የመጣ፣ በአንድ ሳምንት እንግዳ የዓመት ዕዳ ሊከፍል ያሰበ፣ ስንቱ! በዚች ከተማ ገና በዓመት አሥራ ሁለቴ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ሞልቷል። ስም አልጠራም። ራሳችሁን ስለነቀነቃችሁ ግን አየኋችሁ።

ባለፈው ዓመት ከትልቅ ከተማ የመጡትን አሠልጣኞች ታስታውሷቸዋላችሁ? ሁለት ቀን ሙሉ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበሩ፣ «ገቢዎን በሦስት ይክፈሉ፤ ሃያ በመቶውን ይቆጥቡ» ሲሉን የነበሩት? አንገት ላይ የሚንጠለጠል መስቀል የምትሸጠው ገለቴ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፈረንጅ ከጠፋ ወራት ሆኖታል፣ ከሸጠች ቆይታለች። አሠልጣኙ ሱሪውን ከፍ አደረገና፣ «በቀን አንድ ማኪያቶ ብትተዉ በዓመት ስንት ብር እንደሚሆን ታውቃላችሁ?» አለ። ገለቴ እጇን አወጣች። «ልጄ፣ መጀመሪያ ማኪያቶውን ስጠኝና ከዚያ ልተወው» አለችው። ልጁ ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈ። ሲሄዱ ለሁላችንም ሰርተፍኬት ሰጡን። የኔ ሰርተፍኬት አሁን የኩሽናዬን መስኮት ቀዳዳ ደፍኖልኛል፤ ከሥልጠናው ያገኘሁት ጥቅም እሱ ነው።

ጋሼ ታፈረ ያን ቀን ኋላ ተቀምጠው ደረሰኞቻቸውን ይደምሩ ነበር። የእርሳቸው ትምህርት ቤት ሌላ ነዋ! ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከከብት ተራው ወደ ጠላ ቤቶቹ የሚወስደው መንገድ አፍ ላይ በርጩማቸውን ያስቀምጣሉ። የደረሰኝ ጥራዝ ጭናቸው ላይ፣ አንድ ጄሪካን ውሃ ከነጣሳው አጠገባቸው። በግም የሸጠ፣ በሬም የሸጠ በእርሳቸው በኩል ነው የሚያልፈው። ይሄ እዚህ የተቀመጠው ገበሬ ደባሱ አንድ ቅዳሜ በጉን ሸጦ መጣ።

«ጋሼ፣ ያሳልፉኝ፤ ጉሮሮዬ ደርቋል።»

«ውሃ ጠጣ።»

«ውሃማ ቤቴም አለ።»

«እንግዲያው ወደ ቤትህ ሂዳ! ለመሆኑ በጉን በስንት ሸጥከው?»

ደባሱ ከዚያ ወዲያ በቁልቋሉ አጥር ሥር እየሾለከ በሌላ መንገድ ጠላ ቤት መግባት ጀመረ። ሁለት ቅዳሜ ተሳካለት። በሦስተኛው ቅዳሜ ጋሼ ታፈረ በርጩማቸውን ቁልቋሉ ሥር አስቀምጠው ጠበቁት! እንዲያ ተሰድቦ፣ እንዲያ ተለቅሞ ያጠራቀማት ብር ዛሬ ጥንድ በሬና የቆርቆሮ ቤት ሆናለች። አመሰገናቸው ወይ? የት አባቱ! ደባሱ፣ አንገትህን አትድፋ፤ እኔም አላመሰገንኩም። የኔው ደግሞ ካንተ የባሰ ነው፤ ልንገራችሁ።

አባቴ አለነ ያረፉ ጊዜ እኔ ጸሐፊ ሆኜ፣ ደሞዜ አራት መቶ ብር ነበር። የአርባው ተስካር ደረሰ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ «የአለነ ተስካርማ እንደ ተራ ሰው አይሆንም» አለ። ዘመድ ይላል፤ ዘመድ አያወጣም። እኔም ልቤ አብጦ፣ ስድስት ሺህ ብር ብድር ልጠይቅ ጋሼ ታፈረ ፊት ቆምኩ።

«በምን ትከፍያለሽ?»

«በደሞዜ።»

«ከደሞዝሽ ወር ላይ ስልሳ ብር አይተርፍሽም። ስድስት ሺህ ለስልሳ ሲካፈል መቶ ወር ነው፤ ወለዱን ሳልጨምር። አባትሽ ነፍሳቸው በዕዳ ነው የምትማረው?»

«እርስዎ ምን ያውቃሉ? አባቴን በባዶ ትሪ ልሸኛቸው?»

«ካህናቱን አብዪ፣ ድሆችን አብዪ፤ ለዚያ የሚበቃሽን ከራሴ እሰጥሻለሁ። ለሦስት መቶ ሆዳም ግን ከማህበሩ አምስት ሳንቲም አይወጣም።»

በሩን ወርውሬባቸው ወጣሁ። አራጣ አበዳሪ ዘንድ ሄጄ ስድስቱን ሺህ አመጣሁ። በሬ ወደቀ፣ ሦስት መቶ ሰው በላ። ሲወጡ አንድ የአባቴ የአጎት ልጅ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ምን አለ መሰላችሁ? «ወጡ ጨው በዝቶበታል።» አራት ዓመት ከፈልኩ፣ ሰዎች! የእናቴን የምትታለብ ላም ሸጬ ከፈልኩ። እናቴ ወተት ከጎረቤት በብርጭቆ ስትለምን እያየሁ ከፈልኩ። ከሦስት መቶው አንድ ሰው እንኳ፣ «የትናየት፣ እንዴት ሆነሽ ይሆን?» ብሎ በሬን አላንኳኳም። አንድ ሰው ብቻ በየወሩ መጨረሻ፣ «ስንት ቀረሽ?» ይለኝ ነበር። ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያኔ የሚሳለቁብኝ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያወራሁት ለጨዋታ አይደለም።

ባለፈው ማክሰኞ፣ እኔ ገንዘብ ያዥዋ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጋሼ ታፈረ መጥተው የገንዘብ ማውጫ ቅጽ አስቀመጡልኝ። የሃያ ስድስት ዓመት ቁጠባቸው፣ ሁለት መቶ አርባ አንድ ሺህ ብር፣ አንድም ሳይቀር። «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ፣ በዚያች በምታምር ጽሕፈታቸው፣ «ለቁም ተስካር» ብለው ጽፈዋል።

ምናለ፣ በዓይንህ አትጥቀሰኝ። የአባል ምስጢር ማውጣት ክልክል እንደሆነ አውቃለሁ። ምስጢሩን ግን እርሳቸው ራሳቸው ከማክሰኞው በፊት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጥተውታል። ገነተ ማርያም አጠገብ ባለችው የትውልድ ደብራቸው አራት መቶ ሰው ሊጠሩ፣ ቄሶቹን አነጋግረዋል፣ ዘመዶቻቸው በሬ እያማረጡ ነው። ሰው ሳይሞት፣ በራሱ እግር ቆሞ፣ የራሱን ተስካር ያወጣል! ወግ ነው፣ አዎ። ልጅ የሌለው ሰው፣ ኋላ የሚያስታውሰኝ የለም ብሎ የሚያደርገው የአገር ወግ ነው። አውቃለሁ። እኔ ግን ሒሳቡን አይቻለሁ።

ሁለት በሬ፣ መቶ ሃምሳ ሺህ። ሦስት ኩንታል ጤፍ፣ አርባ አምስት ሺህ። ጠላና ጠጅ፣ ሃያ ሁለት ሺህ። በርበሬ፣ ቅቤ፣ ሽንኩርት፣ አሥራ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ። ለቀሪው ዕድሜዎ የሚተርፍዎት አራት ሺህ ስድስት መቶ ብር ነው፣ ጋሼ! ጡረታዎ በወር አራት ሺህ አይሞላም። የቤት ኪራይ ከፍለው፣ የደም ግፊት መድኃኒትዎን ገዝተው፣ ሽሮዎን በምን ይሠሩታል? ስድሳ ዓመትዎ ነው። ሰማንያ ቢኖሩስ? በዚያ በማያልቅ ጫማዎ ሰማንያ አይደለም ዘጠናም ይደርሳሉ!

ይህን ሌላ ሰው ቢያመጣው ኖሮ ምን እንደሚሉት እናውቃለን። በምን ይከፍላሉ? ባይሳካስ? ሦስተኛዋን ጥያቄ አልጠይቅዎትም። ወይዘሮ አሰለች ካረፉ አምስት ዓመታቸው ነው።

ቀና ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ። ማፈር ያለብን እኛ ነን፣ አሁን ወደዚያ መምጣቴ ነው።

የወይዘሮ አሰለችን ተስካር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ካህናቱ በሉ፣ አሥራ ሁለት ድሆች በሉ፣ ጸሎት ተደረገ፣ አለቀ። ለሰው ሁሉ ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማሩትን ራሳቸው አደረጉት። እኛስ? ቢሮ ገብተን ምን አልን? አንደኛችን፣ «ሚስቱንም በደረሰኝ ቀበራት» አለ። ሌላው፣ «ሥጋው ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል» አለ። እኔ ደግሞ፣ እኔ አራት ዓመት ለጨው ወጥ የከፈልኩት ብልህ፣ «ምነው አንድ በግ እንኳ ከበዳቸው!» ብዬ ሳቅኩ። በሩ ክፍት ነበር። ጋሼ ታፈረ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር። አዩኝ፣ አየኋቸው፣ ወደ ቢሯቸው ገብተው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ይቅር ይበሉኝ። በሰው ፊት ያማሁዎትን በሰው ፊት ነው ይቅርታ የምጠይቅዎት። አምስት ዓመት አፍሬ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ካልተናገርኩት መቼም አልናገረውም።

አሁን ስሙኝ፣ እዚህ ያለነው ሁሉ። እኚህ ሰው ሁለት በሬ ሊጥሉ የተነሡት ለነፍሳቸው ብቻ ብለው አይምሰላችሁ። ምላሳችንን ሊያበሉት ነው። «ስስታም» ያልነውን አፍ በጥሬና በቅቅል ሊደፍኑት ነው። ይህ አፍ ደግሞ አይጠግብም! በልቶ ሲወጣ ጨው በዛ ይላል። ጋሼ፣ እኛን አያውቁንም እንዴ? ለእንዲህ ያለ ሕዝብ ነው የሃያ ስድስት ዓመት ላብዎን የሚያርዱት? ገነተ ማርያም ድረስ መኪና ተኮናትረን መጥተን፣ በልተን፣ ስንመለስ መንገድ ላይ እናማዎታለን እኮ! እኔ ራሴን አላምነኝም።

አንድ ነገር ግን እውነት ነው፤ እሱን አልቀልድበትም። ፍርሃትዎ ገብቶኛል። «ስሞት ስሜን ጠርቶ ለድሀ ቁራሽ የሚቆርስልኝ ማነው?» ነው ጥያቄው። አይደለም? ራስዎን ነቀነቁ። ነው ማለት ነው።

ይህን ወረቀት ይመልከቱት። ረቡዕ ማታ፣ አሥራ ሰባት ሰዎች ሆነን ተሰበሰብን። የቢሮው ሠራተኛ ሁሉ አለበት፣ ደባሱ አለበት፣ ገለቴም አለችበት፤ «ማኪያቶ ከመተው ይሄ ይሻላል» ብላ ነው የፈረመችው። በነፍስ ወከፍ በወር መቶ ብር። በማህበራችን ውስጥ «የጋሼ ታፈረና የወይዘሮ አሰለች መታሰቢያ» ተብሎ ደብተር ተከፍቷል፤ የመጀመሪያው ወር ገብቷል። ደንቡን አዲስ አልጻፍነውም፤ እርስዎ ካረቀቁት የጊዜ ገደብ ቁጠባ ደንብ ነው የገለበጥነው። በየዓመቱ በወይዘሮ አሰለች ዕረፍት ቀን ከወለዱ ላይ ለካህናቱና ለድሆች ይወጣል፤ እርስዎ በሕይወት ቆመው፣ ስማቸውን እያስጠሩ። ዋናው ገንዘብ የሚወጣው ደግሞ እርስዎ ሲያርፉ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ማንም አይነካውም፤ እርስዎም ቢሆኑ! በሬ አይጣልም፣ ብድር አይወሰድም፣ ሆዳም አይጠራም። እኔ የመጀመሪያዋ ፈራሚ ነኝ፤ ተስካርዎን እኔ ቆሜ አወጣለሁ። ልጅ የለኝም እንዳይሉኝ። በየወሩ መጨረሻ ዕዳሽ ስንት ቀረ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አባቴ ካልሆነ ማን ነው?

ይኸው ቅጹ። ማክሰኞ አልፈረምኩበትም፤ ወንጀል ነው፣ አውቃለሁ። ገንዘቡ የእርስዎ ነው፣ ማንም ሊከለክልዎት አይችልም። አውጪ ካሉኝ አሁኑኑ እዚህ ጠረጴዛ ላይ እፈርማለሁ። ይያዙት።

ምን አሉ? ጮክ ይበሉ ጋሼ፣ ኋላ ያሉት አልሰሙም።

ሰማችሁ? እኛ እዚህ እንባችንን እየጠረግን፣ እርሳቸው ምን ብለው ቢጠይቁ ጥሩ ነው? «ከአሥራ ሰባታችሁ አንዱ ቢቀድመኝስ? የእርሱን መዋጮ ማን ይሞላል?» አይ ጋሼ ታፈረ! በዚህች ሰዓት እንኳ! አንቀጽ ረስተናል፣ እውነት ነው፤ ይስቁብን። መልሱን ግን አሁን ልስጥዎት፤ እርስዎ ይሞሉታል። ደባሱ ቢሞት የደባሱን ይከፍላሉ፣ እኔ ብሞት የኔን ይከፍላሉ። ለእርሱ ደግሞ ገንዘብዎ የትም መሄድ የለበትም፣ እዚሁ መቀመጥ አለበት!

አያችሁ? ቅጹን መለሱልኝ። በእጃቸው መለሱልኝ! ቀስ በሉ፣ እልልታው ይቆይ፣ ልጨርስ።

ዘመዶችዎን አብሽሩ ይበሏቸው፤ በሬዎቹ ይረሱ፣ ያርሱ። ወደ ደብርዎ ለመሄድ ሲያስቡ አንድ ቀን እንኳ ለነፍስዎ ብለው በመኪና ይሂዱ፤ ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ። ስለ ስድቡ፣ ስለ ዝምታው፣ አይሆንም ስላሉኝ፣ ከዚያም በኋላ በየወሩ ስለጠየቁኝ አመሰግንዎታለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ዘግይቻለሁ።

በሉ ሁላችሁም ተነሡ! ጠጅም የያዘ፣ ጠላም የያዘ፣ ለስላሳም የያዘ ብርጭቆውን ያንሣ። ጋሼ ታፈረ፣ ይህ ደብተር ሰባት በመቶ ወለድ ነው የሚከፍለው። ዛሬ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ብር ነው ያለበት፤ በዚህ ገንዘብ የሚወጣ ተስካር ያሳፍረናል። ሃያ ዓመት ይጠብቁን። ሠላሳ ቢሆን ደግሞ በጣም ያምራል። እኛ መክፈል አይሰለቸንም፤ እርስዎ ብቻ መኖር አይሰልችዎት።

ለጤናዎ!